ባንክ ቢወድቅ የአስቀማጩ ገንዘብ ምን ይሆናል?

ሰሊጡን፣ ጤፉን ወይም ከብቱን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ የሚያስገባ ገበሬ ከባንኩ ጋር የሚገባው ውል በቃል ሲነገር አጭር ነው፤ “ዛሬ ተቀበሉኝ፣ በፈለግሁ ጊዜ መልሱልኝ” የሚል ነው። ባለሱቁም፣ ደመወዝተኛውም፣ የዕድሩ ገንዘብ ያዥም የሚገቡት ይህንኑ ውል ነው። በአገራችን ይህ ቃል ሳይፈጸም የቀረበት አጋጣሚ ስለማይታወቅ ባንክ ሊወድቅ ይችላል የሚለው አሳብ ለብዙ ሰው እንግዳ ሆኖ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ባንኮች ዳግም ከተፈቀዱ ወዲህ አንድም የግል ንግድ ባንክ በሩን ዘግቶ አስቀማጮቹን ባዶ እጃቸውን ሲያሰናብት አልታየም። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከገበያው ሲወጣ እንኳ ከነደንበኞቹና ከነዕዳው ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃሎ ስለነበር ደንበኛው የተለወጠ ነገር ያየው በቅርንጫፉ ሰሌዳ ላይ ነበር።

አሁን ግን ዘርፉ የቀድሞው አይደለም። የባንኮች ቁጥር ከ30 በላይ ሆኗል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የብሔራዊ ባንክ ማቋቋሚያ አዋጅም በአዲስ ተተክቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ነባር ባንኮች ካፒታላቸውን እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ቢያንስ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ በመመሪያ ታዝዘዋል። ውድድሩ ሲበረታና መለኪያው ሲጠብቅ ሁሉም እኩል አይራመድም። ስለዚህ አንድ ባንክ ቢደክም ብሔራዊ ባንኩ ምን ያደርጋል፣ አስቀማጩስ ምን ያገኛል ብሎ መጠየቅ ሟርት ሊባል አይገባም። ጥያቄው በሰላሙ ጊዜ ቢጠየቅ ይሻላል፤ በወረፋና በወሬ መካከል ሲጠየቅ መልሱ ሰሚ አያገኝም።

በመጀመሪያ ባንክ እንዴት እንደሚወድቅ እንመልከት። ባንክ ያስገባነውን እህል እንደነበረ የሚያቆይ ጎተራ አይደለም፤ የሰበሰበውን አብዛኛውን መልሶ ያበድራል። ለምሳሌ ባለአክሲዮኖች ያዋጡት 10 ብር፣ አስቀማጮች ያኖሩት 90 ብር ያለውን ባንክ እናስብ። ከ100 ብሩ 80ውን አበድሮ 20ውን ለዕለት ወጪ ይይዛል። ይህ ባንክ በሁለት መንገድ ሊታመም ይችላል። አንደኛው፣ ያበደረው ሁሉ ጤናማ ሆኖ ሳለ አስቀማጮች በአንድ ቀን 30 ብር አምጣ ሲሉት ነው። ሀብት አለው፤ ገንዘቡ ግን በተበዳሪዎች እጅ ነው። ሁለተኛው፣ ከ80 ብሩ ብድር 10ሩ ላይመለስ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ የባለአክሲዮኖቹ ካፒታል ተሟጥጧል፤ 11ኛው ብር ሲጠፋ ኪሣራው ወደ አስቀማጩ ኪስ ይገባል። ብሔራዊ ባንክ የካፒታል ጣሪያና ወለል እያለ የሚደክመው በአስቀማጩና በኪሣራው መካከል ያለው ግድግዳ ይህ ካፒታል በመሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሕመም መድኃኒቱ ብድር ነው። ማዕከላዊ ባንክ መያዣ ይዞ ለጊዜው ያበድረዋል፣ ወረፋው ይረግባል፣ ባንኩ ከተበዳሪዎቹ ሲሰበስብ ዕዳውን ይመልሳል። ለሁለተኛው ሕመም ይኸው መድኃኒት መርዝ ነው። የከሠረ ባንክ በሕዝብ ገንዘብ በተነፈሰ ቁጥር ጉድጓዱ ይሰፋል፤ በሽታውን የሚያውቁ ትላልቅ አስቀማጮችና የውስጥ ሰዎች ገንዘባቸውን ቀድመው ያወጣሉ፤ በመጨረሻ ወረፋ ላይ የሚቀረው ወሬው ዘግይቶ የደረሰው የገጠር ደንበኛ ይሆናል። ችግሩ ሁለቱ ሕመሞች ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ በሁለቱም በር ላይ ሰልፍ አለ። ልዩነቱን የሚያውቀው ወረፋው ሳይጀመር መዝገቡን ሲመረምር የቆየ ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

ይህን በተግባር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2015 እስከ ሚያዝያ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ ሦስት ባንኮችን አጥታለች። ዱባይ ባንክ የተባለው ትንሽ ባንክ በነሐሴ ተዘጋ፤ ብዙም አላስደነገጠም። በጥቅምት 13 ቀን 2015 ኢምፔሪያል ባንክ በማዕከላዊ ባንኩ ትእዛዝ ሲዘጋ ግን አገሩ ተናወጠ። ባንኩ ዓመታዊ ትርፍ የሚያሳውቅ፣ ሒሳቡን በውጭ ኦዲተር የሚያስመረምር፣ በመልካም ስም የሚታወቅ ነበር። ከመዘጋቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት እንኳ የ2 ቢሊዮን ሽልንግ ቦንድ ለሕዝብ ሸጧል። የባንኩ ዋና ሥራ አስኪያጅ በመስከረም በድንገት ሲሞቱ ግን ለዓመታት ከመዝገብ ውጭ ሲሰጥ የኖረ፣ በአስር ቢሊዮኖች ሽልንግ የሚገመት ብድር ብቅ አለ። ጉዳዩን ለማዕከላዊ ባንኩ ያሳወቀው የባንኩ የራሱ ቦርድ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪ በየዓመቱ እየገባ ይመረምር ነበር፣ ኦዲተር ይፈርም ነበር፣ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ቦንዱን አጽድቆ ነበር። ሦስቱም ያዩት ባንኩ የሰጣቸውን ወረቀት ነው።

ትንንሾቹ የኢምፔሪያል አስቀማጮች በታኅሣሥ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲያወጡ ተፈቀደላቸውና አብዛኞቹ ገንዘባቸውን ሙሉ በሙሉ አገኙ። ከዚያ በላይ የነበራቸው፣ ነጋዴዎችም ማኅበራትም፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየተቆረጠላቸው ዓመታትን ጠበቁ። ኬሲቢ የተባለው ትልቅ ባንክ የተወሰነውን ሀብትና ዕዳ የተረከበው በ2020 ሲሆን የተረፈው ወደ ማጣሪያ የገባው በ2021 መጨረሻ ነው። በዚህ መካከል ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው የተዘጉ ድርጅቶች ነበሩ። ባንኩ የዘጋው በር አንድ ቢሆንም ከበስተኋላው የተዘጉት ብዙ ናቸው።

ሦስተኛው ቼዝ ባንክ ነው። በሚያዝያ 2016 መጀመሪያ ላይ ይህ ባንክ ያወጣው የተስተካከለ ዓመታዊ ሒሳብ ለውስጥ ሰዎቹ የሰጠው ብድር ቀድሞ ከተገለጸው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳየ። ሊቀመንበሩና ሥራ አስኪያጁ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ወሬው በእጅ ስልክ ተሠራጨ፤ ደንበኞች በዚያው ስልካቸው ገንዘባቸውን ማውጣት ጀመሩ። በሚያዝያ 7 ማዕከላዊ ባንኩ ዘጋው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከኢምፔሪያል ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ በኋላ ግን ማዕከላዊ ባንኩ የተለየ መንገድ ያዘ። በኢምፔሪያል ጊዜ የፈጀው መዘግየት ሌሎች ትንንሽ ባንኮችን ምን ያህል እንደጎዳ አይቷል፤ ሕዝቡ ከትንንሾቹ እያወጣ ወደ ትልልቆቹ ሲያዛውር ነበር። ስለዚህ ያለ ራሱ ጥፋት የጥሬ ገንዘብ እጥረት ለሚገጥመው ማንኛውም ባንክ እንደሚያበድር በይፋ ተናገረ፤ ለቼዝ ባንክም ኬሲቢን አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመ። በ20 ቀን ውስጥ፣ በሚያዝያ 27፣ ቅርንጫፎቹ ተከፈቱ። እያንዳንዱ ደንበኛ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ ማውጣት ቻለ። ለወረፋ የተዘጋጀው ሕዝብ ግን የተፈራውን ያህል አልተጋፋም፤ ማውጣት እንደሚችል ያወቀ ሰው ለማውጣት አይቸኩልም።

የቼዝ ባንክ ትላልቅ አስቀማጮችም ቢሆኑ ጉዳት አልቀረላቸውም፤ የገንዘባቸው አንድ ክፍል ከሞሪሺየስ የመጣው ኤስቢኤም ባንክ በ2018 ተቀማጩን ከተረከበ በኋላም ሳይለቀቅ ቆይቷል። ነገር ግን በአንድ አገር፣ በአንድ ሕግ፣ በአንድ ገዥ ዘመን የተዘጉ ሁለት ባንኮች ይህን ያህል የተለያየ ዕጣ የደረሳቸው ማዕከላዊ ባንኩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባደረገውና ባላደረገው ነገር ነው። በእኔ አመለካከት ከኬንያው ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ማዕከላዊ ባንክ ቸኩሎ ሲዘጋም ችግር አለ፤ የኡጋንዳን ጉዳይ ማንሳት እዚህ ላይ ይጠቅማል። የኡጋንዳ ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ሰባት ንግድ ባንኮችን ዘግቷል። የመጨረሻውና ትልቁ ክሬን ባንክ ነበር፤ በጥቅምት 2016 ተወስዶ በጥር 2017 ዲኤፍሲዩ ለተባለ ሌላ ባንክ ተላለፈ። አስቀማጮች አንድም ቀን በር አልተዘጋባቸውም፤ በዚህ ረገድ ሥራው የተሳካ ነው። ነገር ግን የአገሪቱ ዋና ኦዲተርና የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ የሰባቱን ባንኮች አዘጋግ ሲመረምሩ ማዕከላዊ ባንኩ ስለተረከበው ንብረት ማቅረብ የነበረበት መዝገብ ጎድሎ ተገኘ። ምን ተረከበ? በምን ዋጋ ተመነው? ለማን፣ በምን ውድድር ሸጠው? ብዙዎቹ ጥያቄዎች በሰነድ የተደገፈ መልስ አላገኙም። አንድ ተቋም በአንድ ሌሊት የግል ንብረትን ወስዶ ለሌላ የማስተላለፍ ሥልጣን ሲሰጠው ለራሱም ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

ጋና ደግሞ የካፒታል ወለል ሲነሳ ምን እንደሚከተል ታሳየናለች። የጋና ባንክ በነሐሴ 2017 ሁለት የከሠሩ ባንኮችን ለመንግሥቱ ጂሲቢ ባንክ አስረከበ፤ በቀጣዩ ወር ዝቅተኛውን ካፒታል ከ120 ሚሊዮን ወደ 400 ሚሊዮን ሴዲ አነሳ፤ በነሐሴ 2018 ሌሎች አምስት ባንኮችን በአንድ አዲስ ባንክ ጠቀለለ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ 23 ባንኮች ቀሩ። በግንቦት 2019 ደግሞ የ347 አነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ፈቃድ በአንድ ቀን ተሰረዘ። ማጽዳቱ አስፈላጊ ነበር ብለው የሚሟገቱ ብዙ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ወጪውን ግን የተሸከመው የመንግሥት ካዝና፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ነው። የመጨረሻው ዱላ ያረፈውም በገጠርና በገበያ ቦታዎች በሚሠሩት ትንንሽ ተቋማት ደንበኞች ላይ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የአስቀማጩ ጋሻ በሁለት ወገን የተሠራ ነው። አንደኛው ወገን የቁጥጥር ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 1359/2017 ብሔራዊ ባንኩን የገንዘብ ሥርዓቱ ጠባቂና የመጨረሻ አበዳሪ አድርጎ ሥልጣኑን ያደራጃል። አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ የታመመን ባንክ በጊዜ የማረም፣ አመራሩን የማንሳት፣ ባለአደራ አስተዳዳሪ የመሾምና መዳን የማይችለውን በሥርዓት የመዝጋት ሥልጣንን ከቀድሞው በሰፋ ሁኔታ ይደነግጋል። በሌላ አነጋገር ኬንያ በ20 ቀን ውስጥ ያደረገችውን ለማድረግ የሕግ መሣሪያው ተዘጋጅቷል። መሣሪያው በእውነተኛ ጉዳይ ላይ ግን ገና አልተፈተነም።

ሁለተኛው ወገን የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ነው። ፈንዱ በ2013 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 482 የተቋቋመ ሲሆን ባንኮችንና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን ያቅፋል። ተቋማቱ በየዓመቱ ከአማካይ ተቀማጫቸው 0.3 በመቶ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ 1,000 ብር 3 ብር አረቦን ይከፍላሉ። አስቀማጩ ምንም አይከፍልም፣ አይመዘገብም፣ ውል አይፈርምም። የፈንዱ አባል የሆነ ተቋም ቢዘጋ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100 ሺህ ብር ይከፈለዋል። ሽፋኑ በሰው እንጂ በደብተር አይቆጠርም፤ በአንድ ባንክ ሦስት ሒሳብ ያለው ሰው ድምሩ ታይቶ እስከ 100 ሺህ ብር ያገኛል፤ በሁለት ባንኮች ያኖረ ግን በየባንኩ ለየብቻ ይሸፈናል። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የባንኩ ንብረትና ብድር ተሰብስቦ ሲጣራ የሚጠበቅ ይሆናል። ኬንያ ያ ጥበቃ ስንት ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል አሳይታናለች።

የ100 ሺህ ብሩ ጣሪያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቁጥሩ ሲወሰን አብዛኛውን የአገሪቱን አስቀማጭ ይሸፍን ነበር፤ በሰው ቁጥር ሲታይ ዛሬም ብዙኃኑ ከዚያ በታች ነው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በእጅጉ ወረደ። ደንቡ ሲወጣ 100 ሺህ ብር ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1,000 ዶላር በታች ሆነ። ዶላሩ ለገበሬው ምኑ ነው ለሚል፣ ሒሳቡን በኩንታል እናድርገው። ሰሊጥ በኩንታል 10 ሺህ ብር ብቻ ተሸጠ ብንል እንኳ 10 ኩንታል የሸጠ ገበሬ ጣሪያውን ነካ ማለት ነው። ገንዘቡ በባንክ የሚቆየው ደግሞ ከመከሩ ሽያጭ እስከ ቀጣዩ የዘር፣ የማዳበሪያና የጉልበት ወጪ ድረስ ነው፤ ከጣሪያው በላይ የሆነው ክፍል በዚያ መካከል ቢታሰርበት የሚያመልጠው አንድ ሙሉ የምርት ዘመን ነው። ለልማት ከተነሳበት ይዞታው ካሣ የተቀበለ ሰውም እንዲሁ ነው። ኬንያ 100 ሺህ ሽልንግ የነበረውን የመድን ጣሪያዋን ለረጅም ዓመታት ሳትነካ ቆይታ ወደ 500 ሺህ ያነሳችው በ2020፣ ከሦስቱ ባንኮች መዘጋት በኋላ ነው። እኛ ከመሆኑ በፊት ብናደርገው የሚከለክለን የለም። ጣሪያው በየሦስትና አራት ዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እየታየ እንዲሻሻል በደንብ ቢወሰን ፈንዱም አረቦኑን አስቀድሞ ለማስላት ይመቸዋል።

የጋሻውን ዳርቻ ማወቅም ያሻል። የገጠር የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር አይደሉም፤ የመድን ፈንዱ አባላትም አይደሉም። ዕቁብም እንዲሁ፤ የዕቁብ ዋስትናው ዳኛውና የዋሶቹ ስም ነው። በአማራ ክልል የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ፀደይ ባንክ ሆኖ ወደ ባንክነት ሲሸጋገር በየወረዳው የነበሩት ደንበኞቹ በባንክ ቁጥጥር ሥር ገቡ። በማኅበር የሚቆጥበው ጎረቤታቸው ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ብዙዎቹ አባላትም ልዩነቱ ተነግሯቸው አያውቅም። ከዚህ የማያንሰው ጉዳይ የዕድር ነው። ሽፋኑ በአንድ አስቀማጭ የሚሰላ እንደመሆኑ 200 አባወራ በአንድ ሒሳብ ያጠራቀመው የዕድር ገንዘብ ምን ያህል ሽፋን እንዳለው ፈንዱ ራሱ ለዕድር ዳኞች በግልጽ ማስረዳት ይገባዋል። እስከዚያው ድረስ ብዙ ገንዘብ ያለው ዕድር ሁሉንም በአንድ ባንክ ባያኖር ይመረጣል።

መድን ፈንዱ የማይችለው ነገርም አለ፤ ለትልቁ ባንክ አይበቃም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዘርፉ ካለው ድርሻ የተነሳ ለእሱ የሚሆን አረቦን ማንም ሊያዋጣ አይችልም። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ሳይመልሱት የቀረው ብድር በዚህ ባንክ ላይ የጣለውን ሸክም መንግሥት በዕዳ ሰነድ ለመተካት በ2017 ዓ.ም. ሲወስን የተጠቀሰው መጠን እስከ 900 ቢሊዮን ብር ነበር። ለአስቀማጩ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ባንኩ እንዲጠነክር ተደርጓልና። ለግብር ከፋዩ ግን ያው ዕዳ በሌላ ደብተር ተመዘገበ። አስቀማጩና ግብር ከፋዩ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስታወስ ያህል ነው የምናነሳው። የባንክ ቁጥጥር ስንል የግል ባንኮችን ብቻ የምናስብ ከሆነ ትልቁን ቤት ረስተን ጎጆዎቹን ስንቆጥር እንውላለን።

የሚቀረው የዝግጅት ሥራ ነው። ባንክ በዓርብ ማታ ተዘግቶ ፈንዱ በቀናት ውስጥ እንዲከፍል የእያንዳንዱ አስቀማጭ ስምና ድምር አስቀድሞ በትክክል መታወቅ አለበት፤ ባንኮች ደንበኞቻቸውን በፋይዳ መለያ እንዲያስመዘግቡ የሚደረገው ጥረት ለዚህም ይጠቅማል። በሁለት ስም የተከፈተ፣ ባለቤቱ የሞተ፣ የአያት ስሙ የተዛባ ሒሳብ ሁሉ በክፍያው ቀን ወረፋ ያስረዝማል። ስለዚህ በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቅርንጫፉ ጎራ ብሎ ስሙን፣ መለያ ቁጥሩንና ስልኩን ቢያስተካክል፣ ወራሾቹም ሒሳቡን እንዲያውቁ ቢያደርግ ግማሽ ቀን ቢያጠፋ ነው። ብሔራዊ ባንኩ ደግሞ የየባንኩን ካፒታልና የተበላሸ ብድር መጠን በየሩብ ዓመቱ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች፣ በሬዲዮ ሊነበብ በሚችል አጭር ጽሑፍ ቢያወጣ የገጠሩ አስቀማጭም እንደ ከተማው ባለሀብት ባንኩን መርጦ ማስቀመጥ ይችላል።